የእቴቴ ቀይ

የእቴቴ ሳሎን ሶፋ አልነበረውም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረችው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማዋ፣ ሌላው ሰው ሶፋና ቴሌቪዥን በሚያኖርበት ግድግዳ ላይ እርሷ ባለ አራት ደርብ የብረት መደርደሪያ አቁማ በየደርቡ ረጃጅም የፍሎረሰንት መብራት አንጠልጥላበታለች። እንግዳ ሲመጣ ከምግብ ጠረጴዛው ወንበር ይሳባል፤ ቡናውም የሚፈላው እዚያው ከመደርደሪያው ፊት ለፊት፣ በነጩ ብርሃን ውስጥ ነው። መብራቱ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት በራሱ ይበራል፣ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት በራሱ ይጠፋል። ከሥሩ በትንንሽ የፕላስቲክ ዕቃ የተተከለ የአፍሪካ ቫዮሌት ጠጉራም ቅጠሉን ዘርግቶ ተደርድሯል። እኔ ከአዲስ አበባ መጥቼ አብሬያት መኖር ስጀምር የተኛሁት በዚያ መደርደሪያና በመስኮቱ መካከል ፍራሽ አንጥፌ ነበር።

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። በካርቱም በኩል አሜሪካ ከገባች ጀምሮ ዕድሜዋን የፈጀችው በሰው ቤት አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ነው። አበባውን ያስተማሯት ከነዚያ አረጋውያን አንዷ ናቸው። አሜሪካዊቷ ወይዘሮ ከወጣትነታቸው ዘመን ጀምሮ ቫዮሌት ሲያዳቅሉ የኖሩ ሴት ነበሩ፤ እቴቴ ስትደርስባቸው ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ስለዚህ ወረንጦውን ለእርሷ ሰጥተው ራሳቸው ከጎኗ ይቀመጡና በጣታቸው እየጠቆሙ ያሠሯታል። ያኔ የእቴቴ እንግሊዝኛ ለዶክተርና ለአውቶቡስ የሚበቃ ያህል ብቻ ነበር። ወይዘሮዋ ሲያርፉ ልጆቻቸው የቤቱን ዕቃ ተከፋፈሉ፤ አበባዎቹን የፈለገ አልነበረም። እቴቴ በካርቶን እያደረገች በአውቶቡስ ተመላልሳ ወሰደቻቸው። አብሮ የመጣው አንድ ወፍራም ደብተርና የአፍሪካ ቫዮሌት ማኅበር መጽሔት ክምር ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1946 አትላንታ ውስጥ የተመሠረተ ሲሆን፣ በዓለም ላይ የሚወጡ የዚህን አበባ አዳዲስ ዝርያዎች ስም የሚመዘግበውም እርሱ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

እነዚያን መጽሔቶች ማታ ማታ እያነበብኩ የምነግራት እኔ ነበርኩ። አንድ ምሽት የአበባውን ትውልድ ቦታ አነበብኩላት። በ1892 ዋልተር ፎን ሴንት ፖል-ኢሌር የሚባል ጀርመናዊ ባሮን፣ ዛሬ ታንዛኒያ በምንላት በያኔዋ የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ የኡሳምባራን አካባቢ ሲያስተዳድር አበባውን አየና ወደ አባቱ ላከ። አባትየው ሃኖቨር ውስጥ የሄረንሃውዘን የዕፅዋት ቦታ ኃላፊ ለነበረው ለኸርማን ቬንድላንድ አደረሱት፤ ቬንድላንድም በ1893 ሴንትፖሊያ ብሎ በቤተሰቡ ስም ሰየመው። እቴቴ የያዘችውን ሲኒ አስቀምጣ፣ «ታዲያ ጎረቤታችን ነዋ! ከኬንያ ማዶ አይደል እንዴ?» አለች። ወይዘሮዋ ይህን ነግረዋት አያውቁም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እንግዳ አበባው የማን አገር እንደሆነ ሲጠይቃት፣ «የእኛው ሰፈር ሰው ነው፤ እንደኛው ተሰዶ ነው» ትል ነበር።

ዱሩ ላይ ያለው ቫዮሌት በታንዛኒያ ተራሮችና በኬንያ አንዳንድ ደኖች፣ ጥላ ባለበት፣ ሽበት በለበሰ ዓለት ስንጥቅ ውስጥ የሚበቅል ነው። ቀለሙ ሰማያዊ ወይንጠጅ ነው፤ ሌላ የሚያሳየው እምብዛም የለም። ደኑ ለእርሻና ለእንጨት ሲመነጠር ዓለቱ ለፀሐይ ይጋለጣል፤ ጥላ የለመደው ተክል ያኔ ያልቃል። ብዙዎቹ የዱር ዓይነቶች ዛሬ ለመጥፋት የተቃረቡ ናቸው። በሺህ የሚቆጠር ዝርያ ከዚያው ዘር ወጥቶ በሰሜኑ ዓለም መስኮት ሁሉ ላይ ሲያብብ፣ የወጣበት ዓለት እየተራቆተ መሆኑ ያሳዝነኛል። በየአበባ ሱቁ ስዞር የተራራውን ስም የጻፈ አንድም መለያ አላየሁም። መጻፍ ነበረበት እላለሁ።

አበባውን ወደ ቤት ተክልነት የለወጠው ሥራ የተጀመረው በ1926 ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አርማኮስትና ሮይስተን የሚባል የአበባ ድርጅት ከጀርመንና ከእንግሊዝ ዘር አስመጥቶ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ችግኝ አበቀለና ከዚያ ውስጥ አሥር ብቻ መረጠ። ከአሥሩ አንዱ «ብሉ ቦይ» ይባላል። በኋላ የመጣው ቀለምና ቅርጽ በብዛት የነዚያ የአሥሩ ውርስ ነው። በ1939 ከብሉ ቦይ ላይ አንድ ተክል በድንገት ተደራራቢ ቅጠል ያለው አበባ ይዞ ተገኘ። ቆየት ብሎ ደግሞ ሌላው ሮዝ ሆኖ አበበ። እነዚህን ለውጦች ማንም አልፈጠራቸውም፤ በተክሉ ውስጥ በራሱ የሆነ የዘር ለውጥ ነው። ሰው ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ በሺህ ሰማያዊ መሃል አንዱን የተለየ አይቶ ለይቶ አስቀመጠው። እቴቴም ይህን ሥራ እንደዚያ ነበር የምትረዳው። «እኔ ምን ሠራሁ? እርሱ ያስቀመጠውን ነው የማየው» ትላለች፤ እርሱ የምትለው እግዚአብሔርን ነው።

ማዳቀሉን ራሱን ሳየው እንዴት ቀላል እንደሆነ ገረመኝ፤ ከባዱ መጠበቁ ነው። ከአበባው መሃል ሁለት ቢጫ ከረጢቶች አሉ፤ የወንዴው ዱቄት ያለው በነርሱ ውስጥ ነው። ከአጠገባቸው ቀጭኗ የሴቴ ዘንግ ወደ አንድ ጎን አጋድላ ትቆማለች፤ አንዱ አበባ ላይ ወደ ግራ፣ ሌላው ላይ ወደ ቀኝ። ዱሩ ላይ ንብ አበባውን ጨብጣ ክንፏን ስታርገበግብ ዱቄቱ ከከረጢቱ ይረግፋል። ሲልቨር ስፕሪንጉ አፓርታማ ውስጥ ግን ንብ አልነበረችም፤ ስለዚህ እቴቴ ከረጢቱን በወረንጦ ነቅላ በጥፍር መቀስ ትሰነጥቅና ዱቄቱን አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ታራግፋለች። ከዚያ የሌላኛዋን አበባ የሴቴ ዘንግ ጫፍ ዱቄቱ ላይ ታስነካለች። አበባው ሥር ላይ ክር ታስርና በደብተሩ እናት፣ አባትና ቀን ብላ ትጽፋለች። ከያዘ ሥሩ ላይ አረንጓዴ ፍሬ ያብጣል። ያ ፍሬ እስኪበስል አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሲጨማደድና ሲደርቅ ይቆረጣል። ውስጡ ያለው ዘር አቧራ ነው፤ አንዱ ፍሬ በመቶዎች የሚቆጠር ይይዛል። አፈር አይለብስም፤ እርጥብ አፈር ላይ ይነሰነስና በላዩ ብርሃን የሚያስገባ ክዳን ይደረግበታል። እቴቴ ለዚህ የምትጠቀመው ከሐበሻ ምግብ ቤት ምግብ ይዛ የምትመጣባቸውን ክዳናቸው የሚያሳይ የፕላስቲክ ሳህኖች ነው። በሁለት በሦስት ሳምንት አፈሩ አረንጓዴ ይነጠፍበታል፤ ከዚያ በወረንጦ አንድ በአንድ እየነቀሉ ማራራቅ ይመጣል። የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ጧት ስትገባ ሳትተኛ እርሱን ትሠራ ነበር።

ከዘር የሚወጣው እያንዳንዱ ችግኝ ለብቻው ሰው ነው፤ ወንድሙንም እህቱንም አይመስልም። ቅጠል ከተተከለ ግን የሚወጣው እናቲቱ ራሷ ናት። ቫዮሌት አንድ ቅጠሉ ከነዘንጉ ተቆርጦ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲሰካ ሥር ይሰድና ከሥሩ ልጆች ያወጣል። ስለዚህ አንድ ዝርያ ዝርያ የሚሆነው ቅጠሉ እየተቆረጠ ሲተከል ነው። አዳቃዮች አንዱን ተክል አዲስ ዝርያ ከማለታቸው በፊት ከቅጠል ሦስት ትውልድ አውጥተው ቀለሙም ቅጠሉም እንዳልተለወጠ ያያሉ። ሦስተኛው ትውልድ እንደ መጀመሪያው ካበበ ያኔ ስም ይገባዋል።

እቴቴ ያሰበችው አንድ ነገር ነበር፤ ቀይ። ጉለሌ በነበረው የአያቴ ቤት በረንዳ ላይ፣ በባዶ የዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ቀይ ጄራኒየም ነበር። እኔም በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤ ክረምት ከበጋ አበባ አይለየውም፣ ቅጠሉ ሲነካ እጅ ላይ የሚቀር ሽታ አለው። እቴቴ ከአገር የወጣችው በሌሊት፣ ለእናቷ እንኳን በወጉ ሳትሰናበት ነው። ስለዚያ ሌሊት ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን የምታነሳው ያንን በረንዳ ነው። ቫዮሌት ላይ ያንን ቀይ ማየት እፈልጋለሁ ስትል መጀመሪያ ሮዝ የምትፈልግ መስሎኝ ነበር። «ሮዝ አይደለም፤ ቀይ፤ የእማዬ ቀይ» አለችኝ።

ቫዮሌት ውስጥ ጥርት ያለ የደም ቀይ የለም። ወደዚያ የሚጠጋው ኮራል የሚባለው ነው፤ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ። ይህ ቀለም ከሰማያዊው በመፍዘዝ የመጣ አይደለም፤ ቀለም ሰጪው ራሱ ሌላ ነው፣ ፔላርጎኒዲን ይባላል። ይህንን ካነበብኩ በኋላ ቀጥሎ ያነበብኩት ነገር ከወንበሬ አስነሳኝ። ፔላርጎኒዲንን ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሪቻርድ ቪልሽቴተር ለይቶ ያወጣው ከቀይ ጄራኒየም አበባ ነው፤ ቪልሽቴተር በዕፅዋት ቀለሞች ላይ በሠራው ሥራ በ1915 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የአያቴ በረንዳ ላይ የነበረው ቀይና እቴቴ መደርደሪያዋ ላይ የምትፈልገው ቀይ የአንድ ቀለም ቤተሰብ ናቸው ማለት ነው። ዓይኗ ያለ መጽሐፍ ያወቀውን እኔ በመጽሐፍ ደረስኩበት። ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እንዴ፣ አልነገርኩህም?» አለችኝ።

ኮራል አበባ ያለው አንድ ተክል ከወይዘሮዋ ከወረሰቻቸው መካከል ነበራት፤ ነገር ግን ግዙፍ ነው፣ ቅጠሉም ተራ አረንጓዴ ነው። እርሷ የፈለገችው ትንሽ፣ ቅጠሉ ዳር ዳሩን ነጭ የሆነ፣ በላዩ ቀይ የሚያብብ ተክል ነው። የነጩ ዳር ነገር አስገራሚ ሥርዓት አለው። ያ ዓይነቱ ነጭ ከአባት አይወረስም፤ ልጆቹ የሚያገኙት እናቲቱ ካላት ብቻ ነው። ስለዚህ ነጭ ዳር ያላትን አንዲት ትንሽ ሰማያዊ አበባ እናት፣ ኮራሉን አባት አድርጋ አዳቀለች። ችግኞቹ አደጉ፤ ቅጠላቸው ሁሉ ነጭ ዳር ይዟል። አበባው ሲመጣ ግን ሁሉም ሰማያዊ ሆነ። ከዓመት በላይ ጠብቃ አንድም ቀይ የለም። ያን ሰሞን መደርደሪያው አጠገብ አትቀመጥም ነበር።

መልሱ በወይዘሮዋ ደብተር ውስጥ ነበር፤ በእንግሊዝኛ በጥድፊያ የተጻፈ ስለሆነ እስክፈታው ጊዜ ወሰደብኝ። ኮራል ድብቅ ነው። ከአባትም ከእናትም ካልመጣ አይታይም፤ ከአንዱ ብቻ የወረሰ ልጅ ሰማያዊ ያብባል፣ ቀዩን ግን በውስጡ ይዞ ይቆያል። እነዚያ ሰማያዊ ወንድማማችና እህትማማች እርስ በርሳቸው ቢዳቀሉ ከልጆቻቸው ከአራት አንዱ ገደማ ቀይ ይወጣል። ይህን የውርስ ሕግ ያገኘው ብርኖ ከተማ ባለ ገዳም ውስጥ አተር እየተከለ የኖረው ግሪጎር ሜንደል ነው፤ በ1866 አሳተመው፣ በሕይወት ሳለ ግን ልብ ያለው እምብዛም አልነበረም። ለእቴቴ ማስረዳት አልከበደኝም። የአያቱ አፍንጫ ልጅየውን ዘሎ የልጅ ልጅ ላይ እንደሚወጣ ሁሉ ነው አልኳት። ሜንደል መነኩሴ መሆኑንም ጨመርኩላት፤ ደስ አላት፣ በጸሎቷም ታስበው ጀመር።

እህትማማቾቹን አዳቀለች። ሁለተኛው ትውልድ ሲያብብ ከሰማያዊዎቹ መሃል መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው ቀይ እየሆነ ወጣ። የመጀመሪያው ቀይ እንቡጥ ሲከፈት እኔ ሥራ ነበርኩ፤ ስልክ ደውላ «ና» ብላ ዘጋችው። ስገባ አንዲት ጎረቤቷን ጠርታለች፤ ቡና ቀርቧል፣ ፈንዲሻ ተፈንድቷል።

ሥራው ከዚያ በኋላ ነው የሚከብደው። ቀይ ሆኖ ቅጠሉ የተጣመመ አለ፤ ቀይ ሆኖ አበባው ከቅጠሉ ሥር የሚደበቅ አለ፤ ቀይ ሆኖ አበባው በሁለተኛ ሦስተኛ ቀኑ የሚረግፍ አለ። የድሮ ቫዮሌቶች ቶሎ የሚረግፉ ነበሩ፤ አበባው ተክሉ ላይ የሚቆይበትን ዘር ለገበያ ያበቃው፣ «ራፕሶዲ» የሚባሉትን ዝርያዎች ያወጣው የጀርመኑ የሆልትካምፕ ቤተሰብ ነው። የኒውዮርኩ ሊንደን ላየን ዶልጅቪል በምትባል ትንሽ ከተማ እየሠራ በ1954 ተደራራቢ ሮዝ ለዓለም አሳየ። የሚዙሪው ኖላን ብላንሲት ቢጫ የሚባለውን ቀለም አወጣ። አዳቃዮች የሚጥሉት ከሚያስቀምጡት እጅግ ይበልጣል። እቴቴ በመምረጡ ከነርሱ አታንስም ነበር። መጣል ግን አልቻለችም። የማትፈልገውን ችግኝ ሁሉ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በካርቶን ይዛ ትወጣና ታድላለች። በሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ባለ ስንቱ የሐበሻ ማድ ቤት መስኮት ላይ ስም የሌለው ሰማያዊ ቫዮሌት ተቀምጦ አይቻለሁ። ለእኔ ከተመዘገበ ዝርያ ይልቅ ይህ ነው ታላቁ ሥራዋ።

ከቀዮቹ አንዱን መረጠች። ትንሽ ነው፣ ቅጠሉ ጠፍጣፋና ክብ ዙሪያ ሠርቶ የሚተኛ፣ ዳሩ ነጭ፣ ብርድ ሲሆን ደግሞ ነጩ የሚበዛ፤ አበባው ቀጥ ባለ ዘንግ ከቅጠሉ በላይ የሚቆም። በእርሳስ «ቀይ 3» ብላ መለያ ሰካችበት። ከቅጠሉ አንድ ትውልድ፣ ከልጁ ቅጠል ሌላ ትውልድ፣ ከዚያም ሦስተኛውን አወጣች፤ ሁሉም አንድ ሆኖ አበበ። ስም አውጪለትና ይመዝገብ ብላት፣ «በሰው ቤት ሲያብብ ሳየው» አለችኝ። በእርሷ እጅ፣ በእርሷ መብራት ሥር ማበቡ ለእርሷ ማረጋገጫ አይደለም። ዝርያ ከሆነ እጅ ሲለውጥም ያው መሆን አለበት። አባባሏ ትክክል ነበር፤ አሁንም ከዚያ የተሻለ መመዘኛ አላውቅም።

ያንን ሳታይ ታመመች። በሽታው ፈጣን ነበር። እርሷ ካረፈች በኋላ አበባዎቹ እዚያው አፓርታማ ውስጥ በጎረቤቷ ጥበቃ ቆዩ፤ እኔ ያኔ ሌላ ከተማ ነበር የምሠራው። በዚያ ክረምት የሕንጻው ማሞቂያ በከባድ ብርድ ተበላሽቶ ቀናት አለፈ። ቫዮሌት ከባድ ብርድ አይችልም። ስደርስ መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ ጥቁር ውሃ ሆኗል። ከቀይ 3 አንድ የሚተከል ቅጠል አላገኘሁም። ዕቃውን ስለቅም ደብተሩንና ማቀዝቀዣው በር ላይ በብጣሽ ወረቀት የተጠቀለለ ዘር አገኘሁና ይዤ ሄድኩ።

ከተዝካሯ በኋላ ነው አንዲት የአሌክሳንድሪያ ሴት፣ ከእቴቴ ጋር የጽዋ ማኅበር የሚጠጡ፣ ወደ ቤታቸው ጠርተው ምሳ ያቀረቡልኝ። ማድ ቤታቸው ገብቼ እጄን ስታጠብ መስኮቱ ላይ አየሁት። ዳሩ ነጭ፣ አበባው ቀይ። ከአፈሩ ውስጥ ብቅ ያለው መለያ ላይ የእቴቴ የእርሳስ ጽሕፈት አለ። «ይቺን ቅጠል ሰጥታኝ፣ ሲያብብ ጥሪኝ ብላኝ ነበር፤ ያበበው እርሷ ሆስፒታል እያለች ነው» አሉኝ። ለራሳቸውም ከበዳቸው፤ ሳይጠሯት መቅረታቸውን በደል አድርገው ይዘውት ኖረዋል። እኔ ግን ያን ቀን ያየሁት እቴቴ ልታይ የፈለገችውን ነው፤ ተክሉ በሌላ እጅ፣ በሌላ መስኮት፣ በሌላ ውሃ ያው ሆኖ አብቧል። ሦስት ቅጠል ቆርጠው በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለው ሰጡኝ። ዛሬ ከነዚያ የወጡት እኔ ዘንድ፣ ዳላስ ባለች የአጎቴ ልጅ ቤትና ሚኒሶታ በሚኖር አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ዘንድ አሉ። በሄደበት ሁሉ ቅጠል እንዲቆረጥና ለሌላ እንዲሰጥ አደራ እላለሁ።

የማቀዝቀዣው ወረቀት ላይ የተጻፈው እናት ተደራራቢ ሰማያዊ፣ አባት ቀይ 3 ይላል። ተደራራቢ ቀይ እያሰበች ነበር ማለት ነው። ዘሩን ባለፈው ዓመት ዘራሁት፤ ቀዝቃዛ ላይ ስለነበር አልሞተም፣ በቀለ። ችግኞቹ ዘንድሮ አበቡ፣ ሁሉም ሰማያዊ። ከመካከላቸው ከፊሎቹ ተደራራቢ ናቸው። ቅጠላቸው ጥሩ የሆነውን፣ ቢጫ ከረጢታቸው በደንብ የሞላውን ሁለት መርጬ እርስ በርስ አዳቀልኩ፤ ፍሬው ይዟል። ሲበስልና ሲዘራ ብዙ ችግኝ ማሳደግ ይኖርብኛል፤ ተደራራቢነቱና ቀይነቱ በአንድ ተክል ላይ እንዲገጣጠሙ ጥቂት ችግኝ አይበቃም። የአሌክሳንድሪያዋ እናት ግማሹን እርሳቸው መስኮት ላይ ሊያሳድጉልኝ ተስማምተዋል፤ የሚጣል ከሆነም ለማን እንደሚሰጥ ከአሁኑ ስም ዝርዝር ይዘዋል።